የካትካቷ ጉሮሮ

እኔ መካኒክ አላከብርም ነበር። አሥራ አራት ዓመት በአዲስ አበባና በጅቡቲ መሀል ተሳቢ ነድቻለሁ፤ በረሃ ላይ ስንቱን ብልሽት በሽቦና በላስቲክ አስሬ የገባሁ ሰው ነኝ። ሞተር ስር የተኛ ሁሉ ለእኔ መንዳት ያቃተው ሾፌር ነበር። አፌን የዘጋው ከይረዲን ነው።

ጊዜው 2001 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ ነው። ተሳቢውን ትቼ የእትዬ ዙፋን ሾፌር ከሆንኩ ዓመት ሞልቶኛል። እትዬ ዙፋን ጅቡቲ ከተማ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ የትራንዚት ቢሮ ያላቸው፣ ሰላሳ ዓመት እዚሁ የኖሩ ሴት ናቸው። መኪናቸው አራቱም ጎማዋ የሚጎትት ነጭ የናፍጣ መኪና ናት፤ እዚህ ሀገር ካትካት ይሏታል። ሐምሌ ላይ ከተማው የሚጋግር ምድጃ ስለሚሆን በየአርቡ ወደ አርታ ተራራ ወጥተው ትንሽ ነፋስ ይቀበላሉ።

ካትካቷ ከተማ ውስጥ ምንም አይላትም። የከተማውን ዳር ሰፈር ባልባላንም እየዘፈነች ታልፋለች። አርታ ዳገት መሀል ላይ ስትደርስ ግን ጉልበቷ ክድት ይላታል። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማርሽ እወርዳለሁ፤ ነዳጅ መስጫውን ወለል ድረስ ብረግጠውም ሰሚ የለም። አንድ ቀን የፍየል መንጋ ቀደመን። አምስት ደቂቃ አቁመናት ስትነሳ ደግሞ ደህና ትሆናለች፤ ሁለት ኩርባ አልፋ እንደገና ትለግማለች።

ሦስት ጋራዥ ወሰድኳት። ሦስቱም ቆማ እያለች አስጮኋትና "ምንም የላትም" አሉኝ። የናፍጣ ፊልትሮ ተቀየረ፣ ፖምፓው ተፈተሸ፣ ታንከሩ ታጠበ። አርብ ሲደርስ ያው ናት። ሦስተኛው መካኒክ ከእፍረቱ ለመውጣት ብሎ ለእትዬ ዙፋን "ናፍጣው ውስጥ ውሃ ሳይኖር አይቀርም" አላቸው። እሳቸው ደግሞ ናፍጣው ቶሎ ቶሎ እያለቀባቸው ሲገረሙ ከርመዋል። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አደረጉትና ቢሮ አስጠሩኝ።

"ሽብሩ፣ ናፍጣዬን እየሸጥክ ውሃ ትሞላብኛለህ?"

ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን ልገለብጠው ምንም አልቀረኝ።

"ሰብሊ ትሙት!" አልኩ። "ሰብሊ ትሙት፣ ከዚያ ታንከር አንዲት ጠብታ አላወጣሁም!"

ሰብሊ አንድ ልጄ ናት፤ ድሬዳዋ ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ የአሥራ አንድ ዓመት። በእሷ ምዬ አላውቅም። ሌላ ሾፌር በልጁ ሲምል እንኳ የምቆጣ ነኝ። እትዬ ዙፋንም ደነገጡ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እንግዲህ የፊታችን አርብ አርታ ካልወጣች ቁልፌን ታስረክበኛለህ። ለምን አባረርሽው ላለኝ ሁሉ ምክንያቱን እናገራለሁ።"

በዚያ አደባባይ ሌባ የተባለ ሾፌር እንኳን መኪና ጋሪ የሚሰጠው አያገኝም። ሐሙስ ጠዋት፣ ምርጫ ስላጣሁ፣ ባልባላ ወዳለው የከይረዲን ጋራዥ ሄድኩ።

ከይረዲን የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ሃምሳ ያለፈው፣ ቀጭን፣ ከሥራው ይልቅ ጥያቄው የሚበዛ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ እሱም ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ጥያቄውን ጀመረኝ።

"ስትደክም ጭሷ ምን ዓይነት ነው?"

"እኔ ስነዳ ወደፊት ነው የማየው" አልኩት።

ሳቀብኝ። "አቦ! በል ሂድና የኋላ መብራቷን ጥረግ።"

ጠረግኩት፤ ጨርቁ ጥቀርሻ ሆነ።

"አየህ? ናፍጣ ቢያንሳት ኖሮ እንዲህ አታጠቁርም። ምግቡ ሞልቷል፤ ያጣችው ትንፋሽ ነው። ውሃ ምናምን ያለህ ሰው ውሸቱን ነው።"

አንዲት ቡሎን ሳይፈታ ከሌብነት ነፃ አወጣኝ። ልስመው ቃጣኝ።

"የቆመችን መኪና መርምሮ ዳገት ላይ የሚያማትን ማወቅ አይቻልም" አለና ኮፈኑን ፈትቶ ጋራዡ ውስጥ አስቀመጠው። አሥር ከረጢት ሲሚንቶ ከኋላ ጫንን። አርታ ዳገት ስር ስንደርስ ከፊት ጎማው በላይ ያለው ክዳን፣ ፓራፋንጎው ላይ ወጣ፤ ወገቡን በገመድ አሰረና "ንዳ!" አለኝ። ሰውየው አብዷል ብዬ ነዳሁ። መሀል ላይ እንደ ልማዷ ስትደክም ጮክ ብሎ ሳቀ። አስቆመኝና ገመዱን ለእኔ አቀበለኝ።

"አሁን አንተ ውጣ። ካላየህ አታምነኝም።"

ፓራፋንጎው ላይ ታስሬ ሞተሩ ውስጥ አፈጠጥኩ። ከይረዲን ነዳ። ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባ፣ ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ አለ፤ እኛ ማኒኮቶ እንለዋለን። "እሱን ተመልከት!" ብሎ ጮኸብኝ። ዳገቱ ሲበረታ፣ ነዳጅ ሲረገጥ፣ ያ ድቡልቡል ቱቦ ጎኑ መሰርጎድ ጀመረ። ቀስ፣ ቀስ እያለ፣ ጡት እንደሚጠባ ሕፃን ጉንጭ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ግራና ቀኙ ተጣበቀ። የሞተሩ ድምፅ ታነቀ። ከኋላ ጥቁር ጭስ ተንቦለቦለ። ከይረዲን እግሩን ሲያነሳ ማኒኮቶው ቦፍ ብሎ ተነፋና እንደ አዲስ ክብ ሆነ፤ ምንም እንዳላደረገ።

እንደገና ረገጠ፤ እንደገና ታነቀ። ለቀቀ፤ ተነፈሰች።

ጠጉሬ ቆመ። ዕድሜዬን በሙሉ ሞተር ላይ ተቀምጬ ስነዳ ሞተር እንዲህ እንደሚተነፍስ አላውቅም ነበር። አራት ቶን የሚጎትት ብረት ለካ እንደ እኔው በአየር ነው የሚኖረው። ያንን የተሰወረ ነገር ሰውየው በጭስ ብቻ ደርሶበት፣ ይኸው እጁ ላይ አድርጎ አሳየኝ። እንባዬ መጣ፤ በሙቀቱ አመካኘሁ። በመካኒክ ፊት የተሸነፍኩት ያን ቀን ነው፤ መሸነፌም ደስ አለኝ።

ቆመን ማኒኮቶውን በጣቴ ተጫንኩት። እንደ በሰለ ጎመን ልፍስፍስ ብሏል። ከይረዲን አሸተተው።

"በምንድነው የምታጥባት?"

"በናፍጣ ነዋ!" አልኩ በኩራት። የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር ሾፌር ሞተሩን በናፍጣ ወልውሎ ካላንጸባረቀ ሾፌር አይባልም፤ እኔም በየሐሙሱ ከጥግ እስከ ጥግ አጥባታለሁ።

"ናፍጣ ጎማ ይበላል፣ አቦ። በፍቅር ነው የገደልካት።" ከዚያ ለክፋት ሳይሆን እንዲያው፣ "ናፍጣውን ከየት ታመጣለህ?" አለኝ።

"ከራሷ። በቱቦ ስቤ አንድ ጀሪካን…"

አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየሐሙሱ፣ አንድ ጀሪካን። ከመኪናዋ ለመኪናዋ ስለሆነ እንደ መውሰድ ቆጥሬው አላውቅም። ስምል በልቤ እውነት ነበር። ግን አንዲት ጠብታ አላወጣሁም ብዬ ምያለሁ፤ ያውም በማን!

በዚያው ቀን ካርቲየ ዱ የሚባለው ሰፈር ካለ የመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ማኒኮቶ ገዝተን ገጠምን። አርብ ጠዋት እትዬ ዙፋንን ይዤ ወጣሁ። ካትካቷ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ጠጣችው። አንድም ጊዜ አላንገራገረችም። አናቱ ላይ ስናቆም ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከታች ተዘርግቶ ይታያል፤ እትዬ ዙፋን ግን ወደ እኔ ነበር የዞሩት።

"ሽብሩ፣ በደልኩህ። በልጅህ እስክትምል ያደረስኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።"

ዝም ማለት እችል ነበር። ስሜ ጸድቷል፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ ከይረዲን ወሬኛ አይደለም። በሰብሊ መማሌ ግን አላስቀመጠኝም።

"እትዬ፣ አውጥቻለሁ" አልኩ። "አልሸጥኩም። ግን በየሐሙሱ አንድ ጀሪካን አወጣ ነበር፤ ሞተሯን ላጥብበት። ያበላሻትም እሱ ነው። ስምል ትዝ አላለኝም።"

ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ፊታቸው ግን ነጣ። ናፍጣውን አላነሱትም፤ መኪናዋንም አላነሱም።

"ልጅቷ የምትገኝበት ስልክ ስንት ነው?"

"እትዬ…"

"ቁጥሩን ንገረኝ አልኩህ!"

ራሳቸው ደውለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረጉት። ጠራ። እንደገና ጠራ። ሦስተኛው ላይ ተነሳ፤ ማንም ግን አልተናገረም። ከወዲያ በኩል የባጃጅ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ትንፋሼ ጉሮሮዬ ላይ ተጣበቀ።

"ሰብሊ?" አልኩ። "ሰብሊዬ፣ አለሽ?"

"አለሁ አባዬ" አለች። "ምን ሆነህ ነው?"