የስምንት ደቂቃ መንገድ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከአባትየው ልጀምር። አባትየው ፊልም አጣቢ ነበሩ። በዚያ ዘመን በሰፈሩ ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ ፎቶውን የሚያየው በእሳቸው እጅ ካለፈ በኋላ ነው። ሙሽራ በለው፣ ተመራቂ በለው፣ ለመታወቂያ የቸኮለ በለው፣ ከቤታቸው ጀርባ ካለችው መስኮት አልባ ክፍል ደጃፍ ቆሞ "ደረሰልኝ ወይ?" ይላል። ልጃቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ወደዚያች ክፍል አስገቧት፣ በሩን ዘጉ፣ መብራቱን አጠፉ።

"ፈራሽ?"

"አልፈራሁም" አለች። ፈርታለች።

ፊልሙን በሁለት እጇ አስይዘው፣ ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት ባለበት ሳህን ውስጥ አንዱን ጫፍ ከፍ ሌላውን ዝቅ እያደረገች እንድታመላልሰው አሳዩዋት። ስምንት ደቂቃ መቆየት አለበት። ከዚያ ካነሰ ምስሉ ይገረጣል፣ ከበለጠ ይጠቁራል።

"በዚህ ድቅድቅ ጨለማ ስምንት ደቂቃን በምን ላውቀው ነው? ሰዓት አይታይ" አለች።

"በእግርሽ። እጅሽ እዚህ ይሥራ፣ ሐሳብሽ መንገድ ይሂድ። ከዚህ ክፍል ውጪ፣ በግቢያችን እለፊ፣ ድልድዩ ድረስ ውረጂ፣ የብረት አጥሩን ንኪና ተመለሺ። በራችን ላይ ስትደርሺ ፊልሙን ታወጫለሽ። መሮጥ የለም። መቆምም የለም።"

ቁጥር ለምን አይቆጠርም የሚል ይኖራል። ተሞክሯል። ውጭ አንድ ሰው ካስነጠሰ ቁጥሩ ይጠፋል፤ መንገድ ግን አይጠፋም። አባትየው አንድ ወር ሙሉ ሰዓት ይዘው ከኋላዋ እየተከተሉ መንገዱን በእውነተኛ እግሯ አስኬዷት። ብርድ ሲሆን መድኃኒቱ ስለሚሰንፍ፣ በብርድ ቀን ድልድዩን እስከ ማዶ ተሻገሪ አሏት። እንዲህ አድርጋ ለመደችው።

መንገዱ ይኸውላችሁ። ከክፍሉ ስትወጣ ግቢው ውስጥ እናቷ አንሶላ ታሰጣለች። የልብስ መቆንጠጫዎቹን በከንፈሯ ስለያዘች አትናገርም፤ ቅንድቧን ብቻ ከፍ አድርጋ "ወዴት ነው?" ትላለች። ልጅቷ መቆም የለባትምና ታልፋለች። ከዚያ ሰባቱ የድንጋይ ደረጃዎች። ከዚያ ክር በጥርሱ የሚበጥሰው ልብስ ሰፊ፣ የአናጢው ፍቅፋቂ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ድልድዩ። ስትመለስ እናቷ ወደ ቤት ገብታለች፤ አንሶላው ብቻ ተሰጥቶ ይጠብቃል።

እናቷ የሞተችው ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ነው። አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔንም ሁልጊዜ ያናድደኛል። የሰፈሩን ፎቶ ሁሉ ያጠበው ቤት የዚያችን ሴት አንድ ፎቶ የለውም። አባትየው "እሷ የት ትሄዳለች፣ ነገ አነሳታለሁ" እያሉ ነገ ነገን ወለደ። ከቀብሩ በኋላ መሳቢያውን ሁሉ ገልብጠው ፈለጉ። የሙሽራ እናት፣ የተመራቂ እናት፣ የሰው እናት ሞልቷል። የልጅቷ እናት የለችም።

ልጅቷ ግን አላት። ፊልም በእጇ ይዛ ጨለማ ውስጥ ስትቆም፣ ከክፍሉ እንደወጣች እናቷ እዚያ ናት። ቀሚሷ፣ ክንዷ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ከንፈሯ ላይ ያሉት መቆንጠጫዎች ሁሉ ሳይጎድሉ። አባቷም ሞቱ፣ እሷም ሥራውን ወረሰች፣ አርባ ዓመት በቀን አሥሬም አሥራ አምስቴም እናቷን አይታ አለፈች። ሰው "እትዬ" ይላታል፣ አንቱም ይላታል። እኔ ከልጅነቷ ስለጀመርኩ አንቺ ብያት እቀጥላለሁ፤ ይቅር በሉኝ።

ከዚያ ዓለም ተለወጠ። ሰው ፎቶውን ስልኩ ውስጥ ከትቶ ማየቱን ረሳው። ፊልም የሚያሳጥብ ጠፋ። መንገድ ሲሰፋ ያቺ ክፍልም ግቢውም ፈረሰ። እትዬ ታናሽ እህቷ ጋ ገባች። ድልድዩ ድረስ መሄድ ትችላለች፣ ማን ከለከላት፤ ግን በመኪናና በአቧራ መካከል የምትሄደው ያ ሌላ መንገድ ነው። አንድ ቀን የእህቷ ዕቃ ቤት ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ውኃ ሞልታ እጇን አመላለሰች፣ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። የመጣችው እህቷ ናት።

"አንቺ፣ ደህና ነሽ? በጨለማ ምን ታጥቢያለሽ?"

"ምንም" አለች እትዬ። እውነቷን ነው። ፊልም ካልያዘች መንገዱ አይከፈትም። አሥር ዓመት እንዲህ አለፈ፤ ለእሷ ይኼ የእናቷ ሁለተኛ ሞት ነበር።

ታዲያ ነገር ዞሮ ይመጣ የለ፣ የዛሬ ወጣቶች ፊልም ወደዱ። አንድ ካሜራ ሠሪ ኩባንያም በዋናው መንገድ ላይ ባለ መስታወት ሱቅ ከፈተ። ልጆቹ ካሜራውን ይገዛሉ፣ ደስ ብሏቸው ያነሳሉ፣ ከሳምንት በኋላ ፊልሙን ይዘው ይመለሱና "አሁንስ?" ይላሉ። ሱቁ ግን ይሸጣል እንጂ አያጥብም። የሱቁ ኃላፊ፣ ስትናገርም ስትሄድም የምትጣደፍ ቀጭን ወጣት፣ እምቢ ማለት እየከበዳት ፊልሞቹን መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጥ ጀመር። አርባ ሰባት ሲደርሱ መሳቢያው አልዘጋ አለ። ያኔ ነው "ማጠብ የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለ ወይ?" ብላ ሰፈር ለሰፈር ስታስጠይቅ እትዬን ያገኘቻት።

"ለሙከራ ነው፣ እትዬ። ሦስት ወር ብቻ። ዋናው መሥሪያ ቤት አልፈቀደም፣ ግን አልከለከለምም። ከኋላ ያለችውን ዕቃ ማስቀመጫ ባዶ አድርጌልዎታለሁ። ደመወዙ እንኳ..."

"መስኮት አላት?" አለች እትዬ።

"የላትም።"

"ከመቼ ልጀምር?"

የመጀመሪያውን ፊልም በእጇ ያዘች። መብራቱ ጠፋ። መድኃኒቱ ጣቷን ነካት፣ መንገዱ ተከፈተ፣ እናቷ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። እትዬ ደረጃውን እያለቀሰች ወረደች። እንባዋ ሳህኑ ውስጥ እንዳይገባ አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ ድልድዩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ፊልሙ መስታወት የመሰለ ሆኖ ወጣ። አርባ ሰባቱም እንደዚያው። ልጆቹ ፎቷቸውን ሲቀበሉ ሱቁ ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ ያወራሉ።

በሦስተኛው ወር ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ሰውዬ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ክፉ አይደለም፤ ሲያዳምጥ መነጽሩን አውልቆ ይይዛል። ኃላፊዋና እሱ ባንኮኒው ላይ ሲከራከሩ እትዬ ከኋላ በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማች።

"እኛ ካሜራ ሠሪ ነን" አለ ሰውዬው። "ማጠብ ሌላ ሙያ ነው። አንድ ፊልም ቢበላሽ ሰው 'አጣቢዋ አበላሸችው' አይልም፣ 'ካሜራቸው ነው' ይላል።"

"ሳይታጠብ መሳቢያ ውስጥ ሲቀርስ ምን ይላል? ያንኑ ነው የሚለው" አለች ኃላፊዋ። "ደግሞ ካሜራ የሸጠልህ ሰው፣ ፊልምህን ይዘህ ስትመጣበት 'እኛን አይመለከተንም' ቢልህ ምን ይሰማሃል? ሰው ካሜራ የሚገዛው ለካሜራው ብሎ ነው እንዴ? ፎቶውን ሊያይ ነው እንጂ።"

ሰውዬው ቦርሳውን ከፍቶ ሁለት ፊልም አወጣ። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ነገር አንስቶባቸዋል። አንዱን ዋናው መሥሪያ ቤት ዛሬውኑ በማሽን ያጥበዋል፣ ሌላው ነገ ጠዋት እዚህ ይታጠባል። ጎን ለጎን ይታያሉ። "ከተመሳሰሉ ክፍሉ ይቀጥላል። ካልተመሳሰሉ እንዘጋለን" አለ።

እትዬ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ሌላው ሰው የሚፈራው ሥራ መፍታትን ነው። እሷ የፈራችው እናቷን ዳግመኛ መቅበርን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሏ ገባች። ኃላፊዋ ከውጭ ሰዓት ይዛ ቆመች፣ ሰውዬው አጠገቧ። መብራቱ ጠፋ። እትዬ ፊልሙን ሳህኑ ውስጥ ነከረች፣ ወደ ግቢው ወጣች። እናቷ እርጥቡን አንሶላ ገመዱ ላይ እየጣለች ነው። ልታልፍ አንድ እርምጃ አነሳችና "ይኼ የመጨረሻዬ ቢሆንስ?" የሚል ሐሳብ መጣባት። እግሯ ዘገየ። አርባ ዓመት ሙሉ ዘግይታ አታውቅም።

እናቷ ዞረች። መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣች።

"ሁልጊዜ ወዴት ነው የምትሮጪው?" አለች።

እትዬ ቆመች። የእናቷን ድምፅ ረስታው ነበር። ትንሽ ሻከር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር ያለበት።

"ፊልም እያጠብኩ ነው፣ እማ።"

"የማንን?"

"እንጃ። የሰው ነው።"

"የሰው፣ የሰው" አለች እናቷ። "አባትሽም እንዲሁ ነበር። እስቲ ነይ፣ ልይሽ። ሸበትሽ እንዴ?"

ምን ያህል እንደቆሙ አልታወቃትም። ስለ ጉልበቷ ነገረቻት፣ ስለ እህቷ ነገረቻት፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ውኃ ስታመላልስ የተያዘችውን ነገረቻትና አብረው ሳቁ። ቀና ስትል አንሶላው ደርቆ በነፋስ ይውለበለባል። ያኔ ደነገጠች። ከግቢው እንኳ አልወጣችም። ፊልሙን ከሳህኑ መንጭቃ አወጣችው።

"አሥራ አራት ደቂቃ" አለች ኃላፊዋ በሩ ሲከፈት። ፊቷ አመድ መስሏል።

ፊልሙ ጠቁሯል። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ፊልም አጠገብ ሲሰቀል ዕውር እንኳ ይለየዋል። ኃላፊዋ እትዬን ወደ ጥግ ሳብ አድርጋ በሹክሹክታ "መድኃኒቱ ነው ይበሉት። አዲስ የመጣው መድኃኒት ኃይለኛ ሆነ ይበሉት፣ እኔም እመሰክራለሁ" አለቻት።

ቀላል ነበር። መድኃኒት አፍ የለውም፣ አይከራከርም። እትዬ ግን ዓይኗን በጨው ታጥባ መዋሸት አልሆነላትም። ውሸቱ ቢያልፍላት እንኳ ነገ ከክፍሉ ስትወጣ እናቷን በምን ዓይኗ ታያታለች? ሰውዬው ፊት ሄዳ ቆመች።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጌታዬ። መድኃኒቱም ውኃውም ደህና ነው። እኔ የማጥበው በሐሳቤ መንገድ እየሄድኩ ነው። አባቴ እንዲያ ነው ያስተማሩኝ። ዛሬ እናቴ አናገረችኝና ቆምኩ።"

"እናትዎ?"

"ከሞተች ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ፎቶ የላትም። የማያት እዚያ ነው።"

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። ለረጅም ጊዜ የጠቆረውን ፊልም ወደ መስኮቱ አቅንቶ አየ። ከዚያ ሁለቱንም ፊልም በጥንቃቄ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና "አመሰግናለሁ" ብሎ ወጣ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ክፍሉ ተቆልፎ ቆየ። ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ኃላፊዋ እየሮጠች እህትየው ቤት ድረስ ሄደች፤ ደረጃው ላይ ልትወድቅ ነበር።

"ተፈቀደ፣ እትዬ! በሁሉም ሱቆቻችን ሊታጠብ ነው። 'ካሜራ የሸጠ ፎቶውን እስኪያሳይ ድረስ ሥራውን አልጨረሰም' ብሎ ጽፏል፣ ያ ሰውዬ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ግን በማሽን ነው። ማሽኑ ራሱ ይቆጥራል፣ ስምንት ደቂቃውን ራሱ ያጥባል፣ በብርሃን።"

"ደስ ይላል" አለች እትዬ።

"ይስሙኝማ፣ አልጨረስኩም። ፊልሙን ከተጠቀለለበት ቆርቆሮ አውጥቶ ወደ ማሽኑ ሣጥን የሚከተው ሰው ነው። ያቺ ሥራ ብቻ በጨለማ ነው የምትሆነው። ለዚያ 'እውነት የተናገሩት ሴትዮ ይሁኑ' ብሎ ጽፏል። ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም አለ። ይበቃዎታል?"

እትዬ ሌሊቱን ስታሰላ አደረች። በግማሽ ደቂቃ ድልድዩ አይታሰብም። ዳቦ ቤቱም፣ አናጢውም፣ ክር በጥርሱ የሚበጥሰው ልብስ ሰፊም ቀሩ። ደረጃው ራሱ አይደረስበትም። ለእነሱም አዘነች፤ አርባ ዓመት ሰላም ብላ ያለፈቻቸው ጎረቤቶች ናቸው።

ማሽኑ በተተከለ ቀን አዲሱ ክፍል ገባች። ቁም ሳጥን ያህል ነው የሚሰፋው። መብራቱን አጠፋች፣ ቆርቆሮውን ከፈተች፣ ፊልሙ ጣቶቿ መካከል ተዘረጋ። ከክፍሉ ወጣች። እናቷ እርጥብ አንሶላ ይዛለች።

"ዛሬስ ወዴት ነው?" አለች፣ መቆንጠጫዎቹን ከከንፈሯ አውጥታ።

"የትም አልሄድም፣ እማ" አለች እትዬ፣ የአንሶላውንም ሌላ ጫፍ ያዘችላት።