ከዳ የሚለው ግስ

መምህርቷ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ እግሯ እርጥብ ነገር ላይ አረፈ። ውሃ መስሏት ነበር፤ አፍንጫዋ ግን ነገሩን ቀድሞ ዐወቀው። የሽንት ቤቱ መቀመጫ እስከ አፉ ሞልቶ፣ የአራት ፎቅ ሕዝብ ሲበላ ያደረው ሁሉ እየተንፈቀፈቀ ወደ ኮሪደሩ ይወርዳል።

በኮሪደሩ ጫፍ የእናቷ ክፍል አለ። እናቷ የተሰበረ ዳሌያቸው በብረት ከተጠገነ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ሁለት ነገር አጥብቆ ተናግሯል፤ ከአልጋ ንቅንቅ እንዳይሉ፣ ቁስሉንም ቆሻሻ እንዳይነካው። መምህርቷ ያገኘችውን አንሶላና ፎጣ ሁሉ ጠቅልላ የክፍሉን ደፍ ገደበች። ከዚያ ስልኳን ይዛ ቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ ገባች። አንዱ አያነሳም፣ ሌላው ክፍለ ሀገር ነው። ሦስተኛው «አሁን እመጣለሁ» አለ፤ መጣም።

በሩን ስትከፍት አወቀችው። ትንሽ ያነክሳል፣ ጸጉሩ ሸሽቷል፣ የመሣሪያ ቦርሳው ትከሻውን አጉብጦታል። ቢሆንም ምላጩ ነው።

ምላጩ በአሥራ ሰባት ዓመቱ መምህርቷ የምትደግፈውን የእግር ኳስ ክለብ ተቀላቅሎ ዘጠኝ ዓመት በግራ ክንፍ ተጫውቷል። በዚያ ግራ እግሩ ተከላካይ ሲቆራርጥ ነው ስሙን ያገኘው። ኋላ የስታዲየሙ ጣራ በነፋስ ተገነጠለና የክለቡ ኃላፊዎች እሱን ከወንዙ ማዶ ላለው ባላንጣ ሸጠው ጣራውን አለበሱ። ለደጋፊው ግን «ከድቶን ሄደ» አሉት። ደጋፊውም ይህችን እንደ እናት ጡት ጠባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምላጩ ኳስ በነካ ቁጥር ሠላሳ ሺህ ሰው ያፏጭበታል። ያ ሁሉ ሰው ዝናብ ሳይነካው የሚያፏጨው በማን ዋጋ በተሠራ ጣራ ሥር እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ወንድ አልተገኘም።

መምህርቷ የምታስተምረው ሰዋስው ነው። «ተሸጠ» ተደራጊ ግስ እንደሆነ፣ ሻጩ ሌላ ሰው እንደሆነ፣ «ከዳ» ግን ራሱን ሰውዬውን ባለቤት አድርጎ እንደሚቀርብ በየዓመቱ ለስምንተኛ ክፍል ታስረዳለች። እሑድ እሑድ ግን እሷም ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ታፏጭ ነበር።

ምላጩ ገና ቦርሳውን ሳያወርድ የደጋፊ ማኅበሩ ሊቀመንበር በቢጃማ ከደረጃው ብቅ አሉ። የማኅበሩ ክፍል አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ልክ ከመምህርቷ ሽንት ቤት በላይ ነው።

«ማነው እሱ? ኧረ በሕግ አምላክ! መምህርት፣ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ጋሼ።»

«ይኼ ከሃዲ የዚህን ሕንፃ ደረጃ አይረግጥም!»

«ምን ደረጃ አለው? እኔ ምድር ላይ ነኝ። ቆሻሻው እናቴ ጋ ሊገባ አንድ ክንድ ነው የቀረው።»

«ሰኞ እኔ ራሴ ሌላ ሰው አመጣለሁ።»

«እስከ ሰኞ በምን ሊይዙት ነው፣ በባልዲ ወይስ በአፍንጫዎ?»

ከኋላቸው ወንድሟ ወረደ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ነው፣ ዛሬም ማሙሽ ነው የሚባለው። ጨዋታ የሌለ ቀን እንኳ ማልያውን አያወልቅም።

«እታለም፣ ሰው ምን ይለናል?»

«ገሙ ይለናል! ሌላ ምን ይላል?»

ምላጩ የሚሰማም አይመስል፤ የጎማ ጓንቱን እስከ ክርኑ ሳበ። «እህቴ፣ ለግማሽ ሰዓት ማንም ውሃ እንዳይለቅ ንገሪልኝ። እጄ ቧንቧው ውስጥ ነው የሚሆነው። ከላይ ከለቀቁ ደግሞ የሚወጣው በዚህ በእናንተ በኩል ነው።»

«ሰማህ?» አለችው ማሙሽን። «በየቤቱ እያንኳኳህ ንገር። የእማዬ ነገር ነው።»

«እሺ አልኩ እኮ» አለና ወጣ። ሊቀመንበሩም እያጉረመረሙ ተከተሉት።

ምላጩ መቀመጫውን ነቅሎ ወለሉ ላይ ተንበረከከ፤ እንደ እባብ የተጠቀለለ ረጅም ሽቦ ሰደደ። ሽቦው አንድ ነገር ነክቶ ቆመ። ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ፣ ጉንጩን እዚያ ሁሉ ጉድ አጠገብ አድርጎ ዳበሰ። መምህርቷ ዞር ልትል ፈለገችና አፈረች። በመጨረሻ መዳፍ የሚያህል ካርድ መዝዞ አወጣና በአውራ ጣቱ ጠረገው።

የራሱ ፊት ነበር። በፕላስቲክ የተለበጠ፣ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ፊት፣ ጥርሱን ሁሉ ከፍቶ የሚስቅ።

ሁለተኛ አወጣ። ሦስተኛ። ከዚያ አምስት ስድስቱ እርስ በርስ ተጣብቀው መጡ።

መምህርቷ ከየት እንደመጡ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ማኅበሩ ምላጩ የሄደበትን ዕለት በየዓመቱ «የክህደት ቀን» ብሎ ያስባል፤ የዘንድሮው ትናንት ማታ ነበር። እያንዳንዱ አባል በተራው የሰውየውን ፎቶ ሽንት ቤት ጥሎ ውሃ ይለቅበታል፤ ይጨበጨባል። ድሮ በወረቀት ነበር። ሊቀመንበሩ ናቸው «ወረቀት ቶሎ ይሟሟል፣ ፊቱ እንደሳቀ መውረድ አለበት» ብለው ፎቶ ቤት ወስደው ማስለበጥ የጀመሩት። ካቻምና ማሙሽ ለእሷም አንድ አስይዟት ነበር። ስቃ ነው የጣለችው።

«ጥሩ ፎቶ ነው» አለ ምላጩ ካርዶቹን ባልዲው ጠርዝ ላይ እየደረደረ። «ያኔ ጸጉር ነበረኝ።»

እሱ እንደገና ክንዱን ከተተ።

ያን ጊዜ ከላይ ሳቅ ተሰማ። የብዙ ሰው ሳቅ ነው፣ ካንዱ ፎቅ ሌላው ፎቅ ይቀባበለዋል። ቀጥሎ አንድ ጎላ ያለ ድምፅ ቆጠረ። «አንድ! ሁለት! ሦስት!»

የሕንፃው ሽንት ቤቶች ሁሉ ባንድ አፍ ውሃ ለቀቁ።

ቧንቧው አገሳ። ከዚያ ተፋው። ምላጩን ደረቱን፣ አንገቱን፣ ፊቱን መታው፤ ኮሪደሩን ሞላ፤ የአንሶላውን ግድብ እንደ ገለባ ገፍቶ ከእናትየው ክፍል ገባ።

«ማነው? ምንድን ነው እሱ?» አሉ እናቷ ከአልጋቸው።

ምላጩ ዓይኑን በትከሻው ጠርጎ ሮጠ። የተጎተተውን ብርድ ልብስ ወደ ላይ ወረወረ፤ የአልጋውን ጫፍ በየተራ በሁለት እጁ እያነሳ «ሥሩ የሚገባ ነገር አምጪ!» አለ። መምህርቷ ከመደርደሪያዋ አራት ወፋፍራም መዝገበ ቃላት አውርዳ በየእግሩ ሥር ሸጎጠች። አሮጊቷ ጭራሽ አልተነቃነቁም።

«አንተ ማነህ ልጄ?»

«ቧንቧ ሠራተኛው ነኝ፣ እማማ።»

«እንዲህ አድርጎ የለቀለቀህ ማነው?»

«ሥራ ነው፣ እማማ።»

ተመልሶ ሥራውን ጨረሰ። አልተሳደበም፣ ወደ ላይም አላንጋጠጠም። የመጨረሻው ካርድ ሲወጣ ቧንቧው ረጅም ጉርጉርታ አሰምቶ ያን ሁሉ ጉድ መልሶ ዋጠ። ውጭ ባለው ቧንቧ ራሱን ሲያጥብ መምህርቷ ሳሙና ይዛ አጠገቡ ቆመች።

«ይቅር በለኝ» አለችው። «ለእነሱ አይደለም። ለራሴ ነው።»

አየት አደረጋት። «ለከርሞ በወረቀት ያድርጉት በያቸው» አላት። «ወረቀት ቧንቧ አይዘጋም።» ቦርሳውን አንስቶ እያነከሰ ሄደ።

ማሙሽ እያፏጨ ወረደ፤ ሳቁ ገና ከፊቱ አልጠፋም።

«አየሽው? ፊቱን አየሽልኝ?»

«የቆጠርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ሁሉም ሰው...»

«እማዬ ክፍል ገባ።»

ሳቁ ትንሽ ተሸበሸበ። «እንዴ፣ እኛ እኮ እሱን ብቻ ነበር ያሰብነው።»

«እሱ ‹በእናንተ በኩል ነው የሚወጣው› ሲል ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ። ግን እታለም፣ ከሃዲ እኮ ነው!»

የሚያስጠላ ነገር በዚያች ጠዋት ብዙ አይታለች፣ አሽትታለች። እንደዚህ መልስ ያንገሸገሻት ግን አልነበረም። «ጥረግ» አለችው።

«በምን ልጥረግ? ጨርቁ ሁሉ በስብሷል።»

«በለበስከው።»

ማሙሽ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ጫነ። «በማልያው? ተይ እንጂ እታለም። ዋንጫ የበላንበት ማልያ እኮ ነው! ሌላ የፈለግሽውን እዘዢኝ።»

መምህርቷ ቁም ሳጥኗን ከፍታ የራሷን ማልያ አወጣች፤ ያንኑ ቀለም፣ ያንኑ ዓመት። በእናቷ አልጋ ሥር ተንበርክካ በዚያ ትጠርግ ጀመር። ሁለት ጊዜ ጠረገች፣ ባልዲው ውስጥ ጨመቀች፣ እንደገና ጠረገች።

«ማሙሽዬ፣ አንተ ነህ?» አሉ እናቱ። «ና እስኪ እግሬን ሸፍንልኝ፣ በረደኝ።»

ማሙሽ ከደፉ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ ወለሉ ላይ፣ ጭቃ የመሰለው ጨርቅ ላይ ተተክሏል። እንባው ዱብ ዱብ ይል ጀመር።

«እታለም» አላት ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «አርማውን እንኳ ወደ ላይ አዙሪው።»