የመብሩካ አፍንጫ

ኦቦ ቀጄላ በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ ፈተው ወደ ሬሐና ሲያስጠጉ መብሩካ እርር አለች። እኚህ ሽማግሌ ከአምቦ መንገድ ገጠሮች ቅቤ እየሰበሰቡ ቡራዩ ማምጣት ከጀመሩ ዐሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ቅቤያቸውን መጀመሪያ የምታሸትተው መብሩካ ነበረች። ዛሬ ግን ታናሽ እህቷን ሬሐናን፣ ሚዛን ታግዘኝ ብላ ሱቋ ያስገባቻትን፣ አስቀደሙ።

በእርግጥ ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ኮረና ይዟት ከዳነች ወዲህ መብሩካ ምንም አይሸታትም። አፍንጫዋ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ ቫይረሱ ውስጡ ያሉትን የማሽተት ነርቭ ደጋፊ ህዋሳት ስለጎዳ መልእክቱ አንጎሏ ጋ አይደርስም ብሎ ሐኪሙ አስረድቷታል። የደንበኞቿ ስም ድንገት የሚጠፋባትም ከዚያው ጣጣ ነው። ለማንም አልተናገረችም። ቅቤ በመጣ ቁጥር ዓይኗን ጨፍና አሽትታ ራሷን ትነቀንቃለች። እየዋለ ሲያድር ግን ሬሐና የለየችው ልክ እየሆነ ሲገኝ ደንበኛው ሁሉ እሷ ታሽትልኝ ማለት ጀመረ። አስተማሪዋ እሷ፣ የምትመሰገነው ሌላ። ቅናቱ እህል አላስቀምስ ብሏታል።

ሬሐና ከቅቤው ቆንጥራ መዳፏ ላይ አሸችና አሸተተች። ፊቷ ተለወጠ።

«እታለም፣ ይሄ የሚረጋ ዘይት ተደባልቆበታል።»

ኦቦ ቀጄላ ተቆጡ። ቅቤውን ከሚያውቋቸው ቤቶች እንደሰበሰቡት ተናግረው ለመብሩካ አቀበሏት።

«አዴ መብሩካ፣ የልጅቷን ተይው። እኔ የማምነው አንቺን ነው። አንቺ መጥፎ ነው ካልሽ ይዤው እመለሳለሁ።»

ይህን ቃል ስንት ወር ናፍቃዋለች። ገበያተኛው ቆሞ ያያል። አሸተተች፤ ውኃ ያሸተተች ያህል ነው። አንድ ቃል ብትናገር ሬሐና ታፍራለች፣ የድሮ ክብሯም ይመለሳል።

«ንጹህ ነው» አለች። «መዝኚላቸው።»

ሬሐና አንገቷን ደፍታ መዘነች፤ ሽማግሌው መርቀው ሄዱ። መብሩካ ደስ አላት፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አላት።

ብዙም ሳይቆይ ሜሪ የምትባል የፋብሪካ ሠራተኛ መጣች። እህቷ ትናንት መገላገሏን፣ ለገንፎ የሚሆን ግማሽ ኪሎ እንደምትፈልግ ተናግራ አሁን የገባውን ቅቤ በጣቷ አመለከተች። መብሩካ ልትቆርጥላት ቢላዋ አነሳችና እጇ ባለበት ቆመ። ሬሐና ከሚዛኑ ማዶ ሆና ታያታለች። አስተያየቷ አናደዳት። ትንሽ ፈገግ ብትል ኖሮ እልህ ይዟት ትሸጠው ነበር።

ኮባውን መልሳ ጠቅልላ ወደ ጥግ ገፋችው።

«ይሄ ለአራስ አይሆንም» አለች፣ የእህቷን ፊት ሳታይ። «ሬሐና፣ ከሌላው አንቺ አሽትተሽ ስጫት። እኔ አይሸተኝም።»