የምታበራዋ ሰዓት

ፕሮፌሰሩ የእህታቸውን ልጅ ከቤተ ሙከራው ያባረሯት ሰው ሁሉ ፊት ነው። ጥፋቷ ምን ነበር ቢሉ፣ አሳንሳ መቁጠሯ።

ነገሩ የሆነው ሰው የአቶምን ሆድ ዕቃ ገና መበርበር በጀመረበት ዘመን ነው። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ጥቁር ድንጋይ አጠገብ ከመቁጠሪያ ማሽን ጋር በሽቦ የተያያዘ የናስ ቱቦ ተጋድሟል። ከድንጋዩ የሚወጣ ቅንጣት ቱቦው ውስጥ በገባ ቁጥር ማሽኑ ጠቅ ይላል፤ ሥራው ቁጭ ብሎ ጠቅታውን መቁጠር ነው። ታዲያ ፕሮፌሰሩ ሲቆጥሩ ሁልጊዜ ይበዛል፣ ልጅቱ ስትቆጥር ያንሳል።

«ልብሽ እዚህ የለም!» ብለው ጮኹባት። «እያንቀላፋሽ ነው የምትቆጥሪው። በቃ፣ ነገ እንዳትመጪ!»

«ጋሼ፣ እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት» አለችና ካፖርቷን አንስታ ወጣች።

እሳቸው ምን ቸገራቸው! ጉደኛ ድንጋይ አገኘሁ ብለው ለምሁራን ማኅበር የሚያነቡትን ጽሑፍ ማሰማመር ያዙ።

በሳምንቱ የእጅ ሰዓታቸው ማሰሪያ ተበጠሰና ለሰዓት ሠሪ ሰጧት። ሰዓቷ ቁጥሮቿ ጨለማ ውስጥ አረንጓዴ የሚያበሩ፣ ልጅቱ በመጀመሪያ ደመወዟ ገዝታ በገዛ እጇ ያሰረችላቸው ናት። ሰዓቷ ከእጃቸው ከወጣች ወዲህ የእሳቸውም ቁጥር አነሰ፤ ቁርጥ የልጅቱን መሰለ። ማሽኑን ሰደቡ፣ ሽቦውን ቀየሩ፣ ጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር ተቆጡ። ሰዓቷ ተጠግና ስትመለስ ማሽኑም ዳነ፤ ቁጥሩ እንደ ድሮው በዛ። ደስ ብሏቸው ቱቦውን ሊያስተካክሉ ሰዓቷን ያሰሩበትን እጃቸውን ቢሰዱ ጠቅታው እንደ ፈንዲሻ ተንጣጣ።

እጃቸውን መለሱ፤ ረገብ አለ። ሰዓቷን ፈትተው ኮሪደሩ ጫፍ አስቀመጧትና ተመልሰው አዳመጡ። ድንጋዩ ብቻውን የሚናገረው ትንሽ ነበር፣ ልክ እሷ እንደጻፈችው።

ያ የሚያበራ የሰዓት ቀለም እንደ ድንጋዩ ቅንጣት የሚረጭ ራዲየም እንዳለበት ለተማሪ የሚያስተምሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ወደ እህታቸው ቤት ሲሄዱ መንገዱን ሙሉ የሚሉትን ሲያጠኑ ነበር። በሩን የከፈተችው ራሷ ልጅቱ ናት። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ዓይኗ ባዶ እጃቸው ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ይህን ያህል ተቀየምከኝ? ሰዓቷን እንኳ አወለቅካት?»

ያጠኑት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

«አይ ልጄ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የሰማሽው ልክ ነበር። ግን ያዋረድኩሽ ሰው ፊት ነው፣ እዚህ ደጃፍ ላይ ሹክ ብዬሽ አልገላገልም። ነገ ነይ። ያኔ የነበሩት ሁሉ ባሉበት እናገራለሁ።»

«ሰዓቷስ?»

«እሷማ ምስክርሽ ናት።»