ትንሹ የሚያሸንፍበት ጨዋታ

ካርታ አዳይዋ ማሪሴል ከፊቷ የቆመችውን ትንሽ ሰሌዳ ገልብጣ "ጨዋታው ተቀይሯል፤ ስተድ ነው" ስትል ሽማግሌው ዌንዴል ትራሜል ስለ አንድ ዓሣ እያወራ ነበር።

"ታንኳዋን ሰብሮ ነው የወጣው ስላችሁ" አለ ዌንዴል። "ወንድሜ ሊይዘው ዘሎ ገባ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደያዘ እግዜር ይወቅ።"

"አምና ስትነግረን ይኼ ዓሣ ግማሹን አያክልም ነበር" አለ ትሬቨር፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋው ወጣት። "እያደገ ነው ፋዘር።"

"አንተም ብትበላ ታድግ ነበር።"

ጠረጴዛው ሳቀ። ቨርጂል ሃስኪንስም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከማሪሴል እጅ አልተነሣም። ውጭ የላስ ቬጋስ የሐምሌ ፀሐይ አስፋልቱን ያቀልጣል። አዳራሹ ውስጥ ማቀዝቀዣው አጥንት ይሰብራል፤ ሽማግሌዎቹ ሹራብ ደርበዋል።

በዚህ የፖከር ካርታ ውድድር አምስት ዓይነት ጨዋታ እየተፈራረቀ ይመጣል። ራዝ በሚባለው ትንሹ ካርታ ያሸንፋል፤ ንጉሥ የደረሰው ሰው ጥሎ ይወጣል። ከራዝ ቀጥሎ ስተድ ይመጣል፤ እዚያ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ትልቁ ያሸንፋል። አስተዳደሉ ግን አንድ ነው። ሁለት ካርታ ተሸፍኖ፣ አንዱ ተገልጦ ይሰጣል፤ ከዚያ እየተጨመረ እስከ ሰባት ይሄዳል። ሁለቱን ለዓይን የሚለያቸው ያች ሰሌዳ ናት። እዚህ ከተቀመጡት ውስጥ በሕይወቱ አንድ ቀን ሰሌዳውን ሳያይ ቀርቶ ያልተቃጠለ የለም።

ቨርጂል ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። የመግቢያውን ገንዘብ ያገኘው መኪናውን ሸጦ ነው። ቱልሳ ከተማ ያለው የእህቱ ባል በጎማ መጋዘኑ የዘበኝነት ሥራ ሊሰጠው ዝግጁ ነው፤ ዛሬ ባዶ እጁን ከወጣ አውቶቡስ ይሳፈርና ሄዶ ይጀምራል። ጥቂት ሰዎች ከውድድሩ ከወደቁ ግን የቀሩት ሁሉ ይከፈላቸዋል። ከተከፈለው አንድ ዓመት ይኖራል፤ ያውም እንደለመደው፣ ማንም ሳያዘው። መደቡ በየሰዓቱ ከፍ ይላል፤ ከፊቱ ያሉት የገንዘብ ምትክ ቺፖች ደግሞ አንድ እጅ ጨዋታ እስከ መጨረሻ ለመጫወት ቢበቁ ነው። ትሬቨር ይህን አይቷል። ስለዚህ ተራው ሲደርስ አገጩን ይዞ ያስባል፣ የሚያስበው ነገር ባይኖርም። እሱ ባዘገየ ቁጥር ሰዓቱ ይሄዳል፣ መደቡ ያድጋል፤ እንደ ቨርጂል ጥቂት ቺፕ የቀረውን ያ ይበላዋል።

ካርታው ታደለ። ለትሬቨር ሁለት ቁጥር ተገለጠለት፤ በስተድ ደንብ የመጀመሪያውን ዙር ትንሹን የገለጠ ሰው በግዴታ ይከፍታልና ትንሹን መደብ አኖረ። ለዌንዴል ሦስት ቁጥር ነው የተገለጠለት። ወዲያው ጨመረ። ሌሎቹ ጣሉ። ቨርጂል ከላይ ንጉሥ አለው፤ የተሸፈኑትን ጫፋቸውን አነሣ አድርጎ ሲያይ ከሥርም ሌላ ንጉሥ አለ። እሱም በዌንዴል ላይ ጨመረ።

"በንጉሥ?" አለ ዌንዴል። "ልጄ፣ ምን ነካህ? ሙቀቱ መታህ እንዴ?"

"ብርዱ ነው" አለ ቨርጂል።

ትሬቨር ጣለ። ዌንዴል እየሳቀ ከፈለ። ቨርጂል ንግግሩን ለነገር መቆስቆሻ ወሰደው። ሽማግሌው ዱሮም ሲጫወት አፉ አያርፍም።

አራተኛው ካርታ መጣ። ለቨርጂል ዘጠኝ፣ ለዌንዴል አምስት። ማሪሴል እጇን ወደ ቨርጂል ከመዘርጋቷ በፊት ዌንዴል ቺፑን ወደ መሀል ወረወረ።

"ጌታዬ፣ ተራው የእሳቸው ነው" አለች ማሪሴል። "ንጉሡ ነው የሚናገረው።"

"ንጉሡ?" ዌንዴል ግንባሩን ቋጠረ። ዓይኑ በጠረጴዛው ላይ ትንሽ ተንከራተተ፤ አንድ ነገር የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር። "እሺ፣ እሺ። ቸኩዬ ነው።" ቺፑን መልሶ ሰበሰበ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለቨርጂል የገባው። ከአራተኛው ካርታ ጀምሮ ትንሽ የገለጠ ሰው ቀድሞ የሚናገረው፣ መደብ የሚከፍተው፣ በራዝ ነው፤ በስተድ ግን ትልቅ የገለጠው ነው። ዌንዴል ራዝ ላይ ነው ያለው። ማሪሴል ሰሌዳውን ስትገለብጥ እሱ ከዓሣው ጋር ወንዝ ውስጥ ነበር።

ሌላ ነገርም ገባው። ማንም ሰው ይሳሳታል፤ ግን የተራው ነገር ሲነገረው ይባንናል። ዌንዴል ተነግሮትም አልባነነም።

አንዱ ሌላውን ስለ ካርታው አይመክርም፤ ሕግ ነው። ሆኖም ማንም ሰው አዳይዋን "የትኛው ጨዋታ ላይ ነን?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በቀን ስንት ጊዜ ይጠየቃል። ነውር የለበትም። ቨርጂል ለራሱ የሚጠይቅ መስሎ ቢጠይቅ ዌንዴል ይሰማል፣ ሰሌዳውን ያያል፣ ተሳድቦ ካርታውን ይጥላል። ቨርጂልም መሀል ያለችውን ጥቂት ነገር ሰብስቦ፣ እንደገና በጥቂት ቺፕ ሰዓቱ እስኪበላው ይጠብቃል።

"ተራው የእርስዎ ነው" አለችው ማሪሴል።

ቨርጂል መደቡን አኖረ። ዌንዴል ጨመረ። ቨርጂል ከፈለ።

ወሰን የሌለው ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገፍቶ ይገላገል ነበር። ሰው ሳያስበው ያልቃል። ይኼ ግን ልክ ያለው ጨዋታ ነው። በየዙሩ የሚመደበው የተቆረጠ ነው፤ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። ካርታ ይመጣል፣ ሰው ያስባል፣ እጁን ይዘረጋል፤ እንደገና ካርታ ይመጣል፣ እንደገና ያስባል። ቨርጂል ይህን ጨዋታ የሚወደው ለዚህ ነበር። በአንድ ምት አይገድልም፤ ትዕግሥት ያለውን ይጠቅማል ይል ነበር። ይህን ያለው መጀመሪያ ዌንዴል ነው፤ ቦሞንት ውስጥ ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ በነበረች ክፍል፣ ቨርጂል ገና ካርታ አያያዝ ሳያውቅ።

አምስተኛው ካርታ መጣ። ከዚህ በኋላ መደቡ እጥፍ ነው። ለዌንዴል ሰባት። ለቨርጂል ንጉሥ።

ከላይ ሁለት፣ ከሥር አንድ። ሦስት ንጉሥ።

"አይ ምስኪን" አለ ዌንዴል ከልቡ አዝኖ። "እሱኑ ደገመብህ። ጣለው ልጄ፣ ቺፕህን አትጨርስ። እኔ አልከፋም።"

ትሬቨር ኮፍያውን ከቅንድቡ ከፍ አደረገና ሽማግሌውን አየው። ከዚያ ቨርጂልን አየ። ከንፈሩ በአንድ ወገን ሸሸ። እሱም ገብቶታል። ዛሬ ቨርጂል ባይወስድ ይኼ ልጅ ማታ ሳይመሽ ይወስዳል፤ ያውም እየሳቀ። ቨርጂል ይህን ለራሱ ነገረው። እውነትም ነበር፤ ግን አልጠቀመውም።

ትልቁን መደብ አኖረ። ዌንዴል ራሱን ነቀነቀና ጨመረ። ቨርጂልም በላዩ ጨመረ።

"ዛሬ ትምህርትህን ሁሉ ረስተሃል" አለ ዌንዴል። "ማን ነው ያስተማረህ እስቲ?"

"አንተ ነህ።"

"ታዲያ አታሰድበኝ።"

ስድስተኛው ካርታ ለሁለቱም የማይረባ ነበር። ቨርጂል ከመከለያው ገመድ ወዲያ ወደ ተቀመጡት ተመልካቾች ዓይኑን ወረወረ። የዌንዴል ልጅ ጆሊን እዚያ አለች፤ አባቷን በመኪና የምታመላልሰው እሷ ናት። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አባቷን ታያለች። አባቷ ሲስቅ አይታ እሷም ፈገግ ብላለች።

ቨርጂል አፉን ከፈተ። "ማሪሴል" አለ።

"አቤት?"

አሁንም መጠየቅ ይቻላል። ዌንዴል ግማሹ ቺፕ ቢሄድም ግማሹ ይተርፈዋል።

"ጊዜህን ውሰድ ፋዘር" አለ ትሬቨር። "እኛ አልቸኮልንም።"

"እርስዎ ነዎት የሚናገሩት" አለች ማሪሴል።

"አውቃለሁ" አለ ቨርጂል። መደቡን አኖረ።

ዌንዴል ከፈለ። ሰባተኛው ካርታ ተሸፍኖ መጣ። ቨርጂል የራሱን ገልጦ እንኳ አላየውም። እጁ ብቻዋን ሄዳ መደቡን አኖረች። ዌንዴል ሲከፍል ጣቶቹ ቺፖቹን በረድፍ አስተካክለው ነበር፤ ንጹሕ ሰው ነው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

"በል አሳየኝ፣ ምን ይዘህ ነው የምትታበየው" አለና እሱ ራሱ ቀድሞ ገለጠ። ካርታዎቹን አንድ በአንድ እየነካ፦ "ሁለት። ሦስት። አምስት። ሰባት። ስምንት። በስምንት ነው የጨረስኩት ልጄ። ማረኝ።"

ሁለቱንም እጆቹን ወደ ክምሩ ዘረጋ።

ማሪሴል ክምሩ ላይ መዳፏን አሳረፈች። "ጌታዬ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ስተድ ነው።"

ቨርጂል ሦስተኛውን ንጉሥ ገለጠ።

ዌንዴል ንጉሦቹን አየ። ሰሌዳውን አየ። እጆቹ ጨርቁ ላይ እንደተዘረጉ ቀሩ። ከዚያ ጆሮው ሥር ቀላ፤ ሕፃን ልጅ ሲያፍር እንደሚቀላው።

"አዎ" አለ። "ስተድ ነው። አውቃለሁ። አሁን ነው የተቀየረው?"

"ካርታው ከመታደሉ በፊት ነው ጌታዬ። ተናግሬ ነበር።"

"ተናግረሻል፤ አንቺን ማን ከሰሰሽ።"

"ዓሣው ነው ያስበላህ" አለ ትሬቨር።

የሳቀ የለም። ማሪሴል ክምሩን ወደ ቨርጂል ገፋችው። ቨርጂል ቺፖቹን በቀለም በቀለም መደርደር ጀመረ፤ አንገቱን ለማቀርቀር ጥሩ ምክንያት ነበር።

"ቨርጂል" አለ ዌንዴል ጎንበስ ብሎ። "አውቀህ ነበር?"

"እኔ የራሴን ካርታ ነው የማየው።"

ዌንዴል ቀና አለ። "ልክ ነህ" አለ። "እንዲያ ብዬ ነው ያስተማርኩህ።"

ለዕረፍት ተነሡ። ወንዶቹ ወደ መጸዳጃ ቤት ተጋፉ። ጆሊን ገመዱ ዘንድ ቆማ ለአባቷ በወረቀት የተጠቀለለ ሳንድዊች ሰጠችው። ዌንዴል ተቀብሏት "መጥፎ ካርታ ነው ያጋጠመኝ፣ የኔ ልጅ" አለና ሹራቡ ላይ የሌለ ፍርፋሪ እያራገፈ ወደ ግድግዳው ሄዶ ተቀመጠ። እሷ ቨርጂልን እጅጌውን ይዛ አስቀረችው።

"አጎቴ ቨርጂል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ።"

"ጠይቂኝ።"

"ትናንት መኪናውን የት እንዳቆምን ደጋግሞ ጠየቀኝ። ጠዋት ደግሞ እናቴ ለምን አልመጣችም አለኝ። እናቴን ከቀበርናት ስንት ዓመቷ።" ዓይኗን ጠረገች። "ካርታ ላይ ግን ደህና ነኝ ይለኛል። እኔ ጨዋታውን አላውቅ፤ ፊቱን ነው የማየው። ቅድም ፊቱን ሳየው ሆዴ ባባ።"

ቨርጂል ዓይኑን ከፊቷ ወደ ጫማው አወረደ።

"እውነት ከሆነ ዛሬውኑ ይዤው ወደ ቤታችን ወደ ቦሞንት እሄዳለሁ። ይሰድበኛል፤ ይስደበኝ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ከሚዋረድ ይሻላል። አንተ አጠገቡ ነህ። ካርታው ነው ወይስ እሱ?"

ቨርጂል ወደ ግድግዳው አየ። ዌንዴል ሳንድዊቹን ይዞ ሳይፈታው ተቀምጧል። የሚያልፉት ተጫዋቾች ትከሻውን መታ እያደረጉ ሰላም ይሉታል፤ እሱም ለሁሉም ፈገግ ይላል፤ ስማቸውን ግን አይጠራም።

ጠረጴዛው ላይ ለዌንዴል የተረፉት ቺፖች አሉ። ብዙ አይደሉም፤ ግን ለቨርጂል ይበቃሉ። ክፍያው እስኪጀምር የሚወድቁ ሰዎች ይቀራሉ፤ ዌንዴል ከነሱ አንዱ ነው። ዛሬ ከሄደ ደግሞ ቺፖቹ በባዶ ወንበር ፊት ቀርተው ለጠረጴዛው ሁሉ በየመደቡ ይቆራረሳሉ። ትሬቨርም ይደርሰዋል። ከተቀመጠ ግን የሚደርሱት ሰሌዳውን ለሚያይ ሰው ነው።

"ካርታው ነው" አለ ቨርጂል።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መጥፎ ካርታ ማንንም ያጋጥማል። ይጫወት።"

ጆሊን ትንፋሿን ለቀቀች። እጅጌውን ትታ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። "አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር።"

የመመለሻው ጥሪ ሲሰማ ዌንዴል ተነሥቶ ወደ ተሳሳተ በር አቀና። ቨርጂል ደረሰበትና ክንዱን ያዘው። በወንበሮቹ መሀል ቀስ አድርጎ መራው፤ ማንንም እንዳይገፋ፣ ማንም እንዳይገፋው።

"ቨርጂል" አለ ዌንዴል ሲሄዱ፣ በሹክሹክታ። "አሁን የምንቀጥለው የትኛውን ጨዋታ ነው?"

ቨርጂል ወንበሩን ስቦ አስቀመጠው።

"ካርታው ሲታደል ታየዋለህ" አለው።