የሚወልቀው ጥርስ

"እስኪ 'ሆሳዕና' ይበሉ" አላት ዶክተር አዶናይ፣ የሙከራውን ጥርስ ከላይኛው ድዷ ላይ ጫን አድርጎ ካስገባ በኋላ።

"ሆሳዕና" አለች ረምላ።

አላፏጨም። ረምላ ደነገጠች። በአስራ አራት ዓመቷ ከጋሪ ወድቃ የፊት ጥርሷን ካጣች ወዲህ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ "ሰ" ያለበት ቃል ሁሉ በክፍተቱ ሾልኮ እያፏጨ ነበር የሚወጣው። የጨርቅ ደንበኞቿ ሳያይዋት እንኳ በፉጨቷ ያውቋታል።

"ይሄ የሚወልቅ ነው፤ ለመልመጃ አድርገውት ይሂዱ" አላት ሐኪሙ። "ግራና ቀኙ ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ዘመዋል። መጀመሪያ አንድ ዓመት ተኩል ሽቦ አስረን እናቃናቸዋለን፤ ከዚያ አጥንት ላይ የሚተከለውን ቋሚ ጥርስ እንሠራለን። ዕድሜዎ አያስፈራዎት። እስከ ሰኞ ያስቡበት።"

ቤት ስትደርስ ቀትር ነበር። ገብታ የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀረች። እናቷ ሃቢባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ከጠፋ አምስት ዓመት ሆኖታል።

"ምሳ ሳላቀርብልሽ ቆየሁ አይደል?" አለች ረምላ፣ ሳታፏጭ።

አሮጊቷ ቀጥ አሉ። "ሰፊያ?" አሉ በሃዲይኛ። "ሰፊያ ልጄ፣ መጣሽ?"

ረምላን ነዘራት። ሰፊያ ታላቅ እህቷ ናት፤ ሀቢቾ መንደር ተድራ በወሊድ ከሞተች አስራ ሁለት ዓመት አልፏል። በልጅነታቸው የሁለቱን ድምፅ የሚለይ ሰው አልነበረም። የለየው ያ ጋሪ ነው።

"እማ..." ብላ ጀመረች፤ ግን በጆሮዋ የገባው የእህቷ ድምፅ ነበር።

"ቅረቢ፣ ረምላ እንዳትሰማ" አሉ እናቷ እጃቸውን ዘርግተው። "ታጥበኛለች፣ ታጎርሰኛለች። አንድ ቀን እንኳ ተባረኪ አላልኳትም። አንቺ የሞትሽ ዕለት 'ምነው እሷ በሆነች' ብዬ ነበር። እስከ ዛሬ ፊቷን አፍራለሁ።"

ረምላ ያን ዕለት ከበሩ ጀርባ ቆማ ሰምታ ነበር።

"ይቅር ትለኝ ይሆን?"

"ይቅር ብላሻለች" አለች ረምላ፣ በዚያው በእህቷ ድምፅ።

ወደ ጓዳ ገብታ ጥርሱን አወለቀች። ውሃ ቀድታ ተመለሰች።

"እማ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ምሳሽን ላምጣ።" ፉጨቱ ተመልሷል።

"ረምላ? እህትሽ አሁን ወጣች" አሉ እናቷ ፈገግ ብለው። "በሩን ክፍት ትታዋለች። አትዝጊው።"

ረምላ ዞር አለች። የቀረቀረችው የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ግቢው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም።

ሰኞ ዶክተር አዶናይ "ሽቦውን መቼ እንጀምር?" አላት።

"ሽቦውም የሚተከለውም ይቅርብኝ። የሚወልቀውን ይሥሩልኝ።"

"እሱ እኮ አይመችዎትም። በየጊዜው ማውለቅ አለ።"

"ማውለቁን ነው የምፈልገው" አለችና ለልኬቱ አፏን ከፈተች።