የደረጃው ተረኛ

ጌርሊንደ ምርኩዟን ተደግፋ በሩን ስትከፍት እጀታው ላይ የእንጨት ሰሌዳው ተንጠልጥሎ አገኘችው። «የመጥረግ ሳምንት» ይላል። በዚህ ሕንጻ ሰሌዳው በሩ ላይ የተሰቀለበት ሰው ሳምንቱን ደረጃውን ይጠርጋል፤ እሁድ ማታ ለቀጣዩ ጎረቤት ያሳልፋል። ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ጉልበቷ ከተሰበረ ወዲህ ግን ጎረቤቶቿ እሷን ያልፏት ነበር። ፊት ለፊቷ የገባው አዲስ ተከራይ ግን ይህን ስላላወቀ ሰሌዳውን ለእሷ አሳለፈው።

ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለም። ብርዱ ከገባ ጀምሮ ያየችው የማዶውን ግድግዳና የሰው ልብስ ማስጫ ብቻ ነው።

ልጇ ኡልሪከ በስልክ ስትሰማ ሳቀች። ለጥርጊያው ሰው እንደምትቀጥር፣ ችግሩ ግን ጥርጊያው እንዳልሆነ ነገረቻት። አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ክፍል ይዞላታል፤ መልስ የሚጠብቀው እስከ እሁድ ነው።

«እማዬ፣ ከገዛ ቤትሽ መውጣት አቅቶሻል እኮ። እዚያ ቢያንስ አሳንሰር አለ።»

ጌርሊንደ ስልኩን ዘግታ ሰሌዳው ላይ አፈጠጠች። መጀመሪያ እንደ ስድብ ነበር የቆጠረችው። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ታሰባት፤ ደረጃ የሚጠርግ ሰው የሚሄደው ወደ ታች ነው።

በማግስቱ የላይኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። የታመመ እግሯን ዘርግታ አንዱን ደረጃ በእጅ መጥረጊያ ጠረገችና በመቀመጫዋ ወደሚቀጥለው ወረደች። ቆሞ ለሚጠርግ ሰው የማይታይ አቧራ ጥጋጥጉ ላይ ተከምሯል። ተናደደች፤ ንዴቱ ቁልቁል ገፋት።

ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ጡረተኛው የትራም ሾፌር ቮልፍራም በሩን ከፈተ።

«ወይዘሮ ጌርሊንደ፣ ወደቁ እንዴ?»

«ተቀምጬ ነው። ጥጉን እየዘለልክ የከረምከው አንተ ነህ?»

«እኔ ሾፌር ነኝ፤ የምቆመው ፌርማታ ላይ ብቻ ነው።»

ሳቀች። የራሷ ሳቅ እንግዳ ሆነባት። ቮልፍራም የፖም ጭማቂ አምጥቶ አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

መመለሱ ግን ከባድ ነበር። ጀርባዋን ወደ ላይ ሰጥታ በክንዶቿ ራሷን እየጎተተች ወጣች፤ አልጋዋ ላይ ወድቃ አለቀሰች። በማግስቱ ደግሞ መጥረጊያውን አነሳች።

ቅዳሜ ዕለት እየጠረገች ምድር ደርሳ የውጭውን በር ከፈተች። እርጥብ በረዶና የትኩስ ዳቦ ሽታ ተቀበላት። ጥቂት ቆማ ወደ ውስጥ ስትዞር ደረጃውን ቀና ብላ አየችው። ያው አራት ፎቅ ነው፤ አንዲት ደረጃ እንኳ አልጎደለችም።

እሁድ ማታ ኡልሪከ መልሱን ልትሰማ መጣች። ቮልፍራምም ተራው ስለደረሰ ሰሌዳውን ሊወስድ ወጣ።

«እማዬ፣ የመኖሪያውን ሰዎች ምን ልበላቸው?»

ጌርሊንደ ሰሌዳውን ከእጀታው አወረደችው። ቮልፍራም እጁን ዘረጋ። እሷ ግን አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገችና መልሳ በራሷ በር ላይ ሰቀለችው።

«እናቴ በሚቀጥለው ሳምንትም ተረኛ ናት በያቸው» አለች፤ የተንጋደደውን ሰሌዳ እያቃናች።